ሽማግሌ የተቀመጠለት ወይን

ፈረንጅ ወይን ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ጠርሙሱን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ይይዝና ወረቀቱን ያነባል፤ የት ተወለደ፣ በየትኛው ኮረብታ አደገ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ነው ማታ፣ ማን ቤት ኖረ፣ ስንት ዘመን ዝም ብሎ ተቀመጠ፣ ጠባዩ ቁጡ ነው ጭምት? ይህን ሁሉ አጣርቶ ሲያበቃ ነው የሚጠጣው። ሚስት ሲሆን ግን አውቶቡስ ውስጥ ያገኛትን፣ የአባቷን ስም እንኳ ሳይጠይቅ፣ በሳምንቱ ቀለበት ያደርግላታል። እኛ በተራችን ለብርሌ እንዲህ ያለ ጣጣ የለብንም፤ ሞልቶ ከመጣ እሰየው። አማች ሲሆን ነው ሰባት ቤት የምንቆጥረው። የቅድመ አያቱ እናት ከማን ጋር ውኃ ስትቀዳ ተጣላች? ይጠየቃል። ፈረንጅ ለጠርሙስ የሚያደርገውን ማጣራት ለትዳሩ ቢያውሰው፣ እኛም ለትዳር ከምናደርገው ለብርሌው ጥቂት ብንቆነጥርለት፣ ፍቺም ስካርም ባልበዛ ነበር እላለሁ። ማን ይሰማኛል?

«ይቺ የላሊበላ ሴት ደግሞ ስለ ወይን ምን ታውቃለች?» የሚል አይጠፋም። አንብቤ ነዋ! እውነት ነው፣ እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት ልጄን ለማስመዝገብ ነው። ፊደሉን ግን ጎረቤት ልጅ ሲያጠና ከአጥር ወዲህ ሆኜ ለቅሜዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በርበሬ የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የሚታጠፈው ቀጭን ወረቀት፣ እንግዳ ረስቶት የሚሄደው መጽሐፍ፣ አንድም አያመልጠኝ። ጉድለቴ ሌላ ነው። ያነበብኩት ነገር ሆዴ ውስጥ አያድርም። ምላሴ ላይ ሳይደርስ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከግቢያችን ጀርባ ለእንግዳ የምናከራያቸው ጥቂት ክፍሎች አሉን። ኮረናውም ጦርነቱም ሳይመጣ፣ አሸተን ማርያም የሚወጣው ፈረንጅ ከበቅሎው በሚበዛበት ዘመን፣ ፒዬሮ የሚባል ሽማግሌ ጣሊያን አርፎብን ነበር። ገበሬ ነው፤ ቬሮና ከሚባል ከተማ በላይ ባሉ ኮረብቶች ላይ ወይን ይተክላል። አሸተን ወጥቶ ሲመለስ ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጦ ስለነበር፣ እግሩን በጨው ውኃ እየዘፈዘፍኩ ስለ ወይኑ አወራኝ። ልጄ ትርሲት ታስተረጉም ነበር። ጣሊያን በእጁ ስለሚናገር አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ለግማሹ ብቻ ነው።

ወይኑ አማሮኔ ይባላል። ሌላው ወይን እንደተለቀመ ይጨመቃል፤ ይህኛው ግን ጌታ ነው፣ መጀመሪያ ይተኛል። ነፋስ በሚገባበት ሰገነት ላይ የቀርከሃ አልጋ ይዘረጋለትና ዘለላው እዚያ ላይ ከመስከረም እስከ ጥር ይከርማል። ውኃው ይተናል፣ ቆዳው ይጨማደዳል፣ ስኳሩ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። «የወይን ቋንጣ በለኛ!» አልኩት። ትርሲት ስትተረጉምለት እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ በብርዱ ወር ይጨመቃል፤ ብርድ ስለሆነም አይቸኩልም፣ እያመነታ ይፈላል። ሲያበቃ ደግሞ ወፍራም የእንጨት በርሜል ውስጥ ገብቶ ዓመት አልፎ ዓመት ይቀመጣል። ቀለሙ የበሰለ እንጆሪ፣ ጉልበቱ የወይፈን። እንዴት እንደተወለደም ነግሮኛል፤ እሱን ስንደርስበት እነግራችኋለሁ፣ ቦታ አለው።

ሲሄድ ከአገሩ ይዞት የመጣውን አንድ ጠርሙስ ሰጠኝ። «ልጅሽ ስትዳር ክፈቺው። እስከዚያ በጎኑ አስተኚው፣ ብርሃን አይየው፣ አይነቅነቅ። የከፈትሽው ቀን ደግሞ ቶሎ አትጠጪው፤ ጥቂት ይተንፍስ» አለኝ። እኔም ጎታ ውስጥ አስተኝቼ ጤፍ አለበስኩት። ጤፍ ሲገባ ይሸፈናል፣ ጤፍ ሲወጣ አንገቱ ብቅ ይላል። ጎታው ባዶ ሆኖ ጠርሙሱ ከታች ብቻውን የተጋደመበትን ጊዜም አይተናል። ያን ጊዜም ማንም አልነካውም። የልጄ ነውና።

እንግዲህ ወደ ልጄ። ትርሲት አስተማሪ ናት። የወደደችው ያሬድ የሚባል አስጎብኚ ነው፤ ወላጆቹ በልጅነቱ ሞተውበት ገነተ ማርያም ያሉት አጎቱ መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው ያሳደጉት። ልጁን እንደምትወደው ያወቅሁት ስሙ ሲነሳ ብርጭቆ ስለምትሰብር ነው። በወሩ ውስጥ ብርጭቆ አለቀብን። ሽማግሌ ይላክ ተባለ፣ ተላከ። መሪጌታ ራሳቸው መጡ፤ ከእሳቸው ጋር ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድና ጡረታ የወጣው ሾፌር ጋሽ ካሳው። በመጀመሪያው ቀን እንደ ወጉ «እንመካከር፣ ተመለሱ» ብለን ሸኘናቸው፤ እነሱም እንደ ወጉ እህል ውኃ ሳይቀምሱ ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ነው ነገሩ። በሁለተኛው ቀን እሺ ይባላል፤ እሺታው ግን በደረቁ አይጸናም። ሽማግሌዎቹ ከቤቱ ሲቀምሱ ነው የሚታሰረው። ሳይቀምሱ ከተነሱ፣ አፍህ እሺ ይበል አይበል፣ አገር የሚያወራው «ተመለሱ» ብሎ ነው። የተመለሰች ልጅ ደጅ ሌላ ሽማግሌ ለመቆም ያመነታል። ያሬድም ያሳደጉትን አጎቱን አስከፍቶ የሚያገባ ልጅ አይደለም።

ታዲያ ምን እናቅምሳቸው? ጠጅ እንዳልል መሪጌታ ንብ ያረባሉ። የእሳቸው ነጭ ማር ሙጃ ገበያ ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። ለእሳቸው ጠጅ መቅዳት ለመነኩሴ አቡነ ዘበሰማያት ማስጠናት ነው። ያኔ ጎታው ትዝ አለኝ። ደስ አለኝ! መሪጌታ በማያውቁት ነገር ልቀድማቸው ነው። ኩራት እንዲህ ነው የምትጀምር፤ ጤፍ ውስጥ ተኝታ።

ሁለተኛው ቀን እሑድ ዋለ፤ በዚያ እሑድ ትርሲት ነጠላዬን እያስተካከለችልኝ «እማ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለች።

«ጠይቂኝ የኔ ዓለም።»

«ዛሬ አትናገሪ።»

«ምኑን?»

«ምንም።»

«ሰላምታስ?»

«ሰላምታ ይፈቀዳል።»

ልትፈራ መብት አላት። ቀደም ሲል አንድ ሽማግሌ «ልጃችን ይነግዳል» ሲለኝ «ምን፣ ጊዜውን?» ብዬ ነገሩ እዚያው ቀርቷል። እሱን እሷም አልፈለገችውም ነበር። ይህን ግን ትፈልገዋለች። እሺ አልኳት፣ በማርያም ምዬ።

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቆሙ፣ ተቀመጡ ተባሉ፣ ተቀመጡ። ባለቤቴ ሙላት፣ እግዜር ይስጠው፣ እኔ የምናገርለትን ያህል ዝም የሚል ሰው ነው፤ «ልጃችንን ሰጥተናል» አለ፤ በትዳራችን ዘመን ከሰማኋቸው ንግግሮቹ ረጅሙ ይኸው ነው። ዶሮው ቀረበ። ጠርሙሱ ከጤፉ ወጣ። የቡሽ መንቀያ በቤታችን ስለሌለ ጋሽ ካሳው ካቻቢቴ ከኪሱ መዘዘና ቡሹን ወደ ውስጥ ወተፈው። ጡረታ ወጥቷል እንጂ ካቻቢቴው ገና ሥራ ላይ ነው። «ጣሊያንን በጣሊያን ነው» አለ። ተቀዳ። ሐጂ ሰይድ ለስላሳቸውን ያዙ። መሪጌታ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስተው ብርሃኑን በውስጡ አዩና፣

«ቀለሙስ ግሩም ነው። ከምን የተሠራ ነው?» አሉ ለሙላት።

ሙላት እኔን አየ። እኔ ትርሲትን አየሁ። ትርሲት በሩ ላይ ትሪ ይዛ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ እንግዳ ጠይቆ ዝም ማለት ነውር አይደለም ወይ? ለጥያቄ መልስ መስጠት የሰላምታ ወገን ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩና ጀመርኩ። ከጀመርኩ ደግሞ ታውቁኛላችሁ። ኮረብታውን ነገርኳቸው፣ ሰገነቱን ነገርኳቸው፣ የቀርከሃውን አልጋ ነገርኳቸው። «እንዲህ ሆኖ ይተኛና፣ ውኃውን ይጨርስና፣ ደርቆ ዘቢብ ሲሆን ያን ጊዜ ተጨምቆ…»

የመሪጌታ ብርጭቆ ከጢማቸው አጠገብ ሲደርስ ቆመ። ቀስ ብሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

«ዘቢብ ነው ያልሽኝ፣ እመት አስካለ?»

ምላስ አጥንት የላትም ይባላል። ያን ጊዜ አጥንት ቢኖራት በሰበርኳት።

ለማያውቅ ልንገር። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የቁርባኑን ወይን የምታዘጋጀው ከዘቢብ ነው። ቤተልሔም በምትባለው ጎጆ ውስጥ ዘቢቡ ይዘፈዘፋል፣ ይጨመቃል፣ ሳይፈላ የዕለቱ ለዕለቱ ይቀርባል። ምእመን ዘቢብ ገዝቶ ከጧፉና ከዕጣኑ ጋር ለመቅደስ ይሰጣል እንጂ ጨምቆ ከዶሮ ወጥ ጋር ለእንግዳ አያቀርብም። እኔም ይህን አውቃለሁ። በየዓመቱ ዘቢብ የምወስድ ሴት ነኝ! ግን በጤፍ ውስጥ ያለውን ጠርሙስና በቤተልሔም ያለውን ጽዋ በአንድ ሐሳብ አስቤያቸው አላውቅም፤ አንዱ የፒዬሮ ነው፣ አንዱ የማርያም።

«አልተባረከም፣ እሱን አላጣሁትም» አሉ መሪጌታ። «ሥርዓት ፈረሰ አላልኩም። ነውር ነው የምለው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዘቢብ ሲጨመቅ ያየሁት ለአንድ ነገር ነው።»

ጋሽ ካሳው ብርጭቆውን ሳይለቅ «መሪጌታ፣ ዘቢብ ያለበት ዳቦ በልተን የለም ወይ?» አለ።

«በላን እንጂ ጠጣነው?»

ዝም ማለት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ዝም አላልኩም። «መሪጌታ፣ ይኼማ የፈላ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የፈላውን መቼ ትቀበላለች?» አልኩ፣ ያዳንኩት መስሎኝ።

«እንግዲያ የመቅደሱን ነገር አስክረሽ ነዋ ያቀረብሽልኝ!»

ይኸውላችሁ። ለመቅደስ እንዳይሰጥ ሰክሯል፤ ለቤት እንዳይጠጣ ከብሯል። አይደፋ ነገር፣ ዘቢብ መሬት ላይ ማን ይደፋል? ወደ ጠርሙሱ አይመለስ ነገር፣ ቡሹ ውስጥ ገብቶ ይዋኛል። ጠጅ እናምጣ ብል «ይህ እዚህ ቆሞ ሌላ አንቀምስም፤ የቀረበ አይታለፍም» አሉ መሪጌታ። ሙላት ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እሱ ጣሪያ ካየ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። መሪጌታም መቋሚያቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ።

«ለሌላ ቀን እንነጋገር። እኛም ጠይቀን እንምጣ…»

ትርሲትን አየኋት። አላለቀሰችም። ትሪውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ እኔን ብቻ ታያለች። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

ያን ጊዜ ነው ሐጂ ሰይድ ለስላሳቸውን ያስቀመጡት። «መሪጌታ፣ ይቀመጡ እስቲ። ይህን ነገር ለእኔ ስጡኝ።»

«ለእርስዎ?» አለ ጋሽ ካሳው። «ጠጥተው የማያውቁ ሰው ስለ መጠጥ ሊፈርዱ?»

«እኮ! አንተ ጠምቶሃል፣ መሪጌታ ፈርተዋል። እኔ አንድ ጠብታም የማይደርሰኝ ነኝ፤ ከእኔ የተሻለ ዳኛ ከየት ታመጣለህ?» ወደ እኔ ዘወር አሉና «አብሽሪ» አሉኝ በዝግታ። ከዚያ ወደ መሪጌታ፤ «የእናንተው የመቅደሱ ወይን፣ ሲቀመስ ምን ይላል?»

«ይጣፍጣል። ዘቢብ አይደል።»

«ይኼስ?»

«በምን አውቄ!»

«እንግዲያ ይቀመስ። የሚጣፍጥ ከሆነ የእናንተን መስሏል፣ ተከድኖ ይቀመጥ፣ እኛም እንሂድ። የማይጣፍጥ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ለሰው ነው። ቀማሹ እርስዎ ነዎት።»

መሪጌታ አሰቡ። የሊቅ ነገር፣ ለመጠጣት እንጂ ለመመርመር ሲሆን አይከብዳቸውም። ብርጭቆውን አነሱ። እኔ በበኩሌ ነጠላዬ ውስጥ ገብቼ «እመቤቴ፣ አምርሪው» እያልኩ ነው። ለልጅዋ ትዳር መራራ ነገር የለመነች እናት በላስታ ከእኔ በፊት የነበረች አይመስለኝም። ፒዬሮ የነገረኝ ደረቅ፣ ጣፋጭነት የሌለው ወይን መሆኑን ነው፤ ግን ስንት ክረምት ጤፍ ውስጥ የተኛ ነገር ምን ሆኖ እንደሚነሳ ማን ያውቃል?

መሪጌታ ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገባ። ደግመው ቀመሱ።

«መራራ ነው» አሉ።

ጋሽ ካሳው «ተመስገን!» አለ።

«ቆይ። መጨረሻው ላይ ግን ዘቢብ ይላል።» ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ዘቢብ ከሆነ ለምን መረረ? ዘቢብ ሲመር አላየሁም። ይህን ሳላውቅ አልፈርድም።»

ማን ይመልስ? ሙላት ጣሪያ ላይ ነው። ጋሽ ካሳው የሚያውቀው ካቻቢቴ ነው። ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ትርሲትን አየሁ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አልገድላትም!

«ንገሪያቸው፣ እማ» አለችኝ።

በዕድሜዬ ተናገሪ ተብዬ የተለመንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ነገርኳቸው። እዚያ አገር፣ ሲወርድ ሲዋረድ እንደሚወራው፣ በጥንት ከደረቀው ወይን የሚጠመቀው ጣፋጭ ብቻ ነበር፤ ለበዓል፣ ለጌቶች፣ ማር የመሰለ። በርሜል የሚጠብቅ አንድ ሰው ከምድር ቤቱ ጥግ አንዱን በርሜል ረሳው። ወይኑም ጠያቂ ሲያጣ ዝም ብሎ ይፈላ ገባ፤ ያለውን ስኳር አንድም ሳይቀር በላው። ሰውዬው ኋላ ትዝ ብሎት ሲሄድ የጌታው ወይን መሯል። እንጀራው ሊቆረጥ ነው። እየተንቀጠቀጠ ቀመሰ። እንደገና ቀመሰ። ከዚያ ጮኾ ሰው ጠራ፤ ይህ መራራ አይደለም፣ ታላቁ መራራ ነው ብሎ። አማሮኔ ማለት ይኸው ነው፤ ስሙም እንደዚያው ቀረ። ዛሬ ጣፋጩን የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ዓለም የሚፈልገው የተረሳውን ነው።

«ረስቶት ነው?» አሉ መሪጌታ።

«ረስቶት ነው።»

«አስቦበት አይደለም?»

«ቢያስብበት ኖሮ መቼ ይንቀጠቀጥ ነበር?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከጭናቸው አንስተው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። «እንግዲያ ነገሩ ቀላል ነው። የመቅደሱ ወይን የሚታሰብ ነው፤ የዕለቱ ለዕለቱ ይዘፈዘፋል፣ የዕለቱ ለዕለቱ ይጨመቃል። ተረስቶ ያደረ ነገር መቅደስ አይገባም። የተረሳ የሰው ነው።» ብርጭቆውን አንስተው እስከ ታቹ ጨለጡት። «ልጆቹን እግዚአብሔር ያጽናቸው። ቅዱ!»

«ቅዱ» ከመባሉ በፊት የጋሽ ካሳው ብርጭቆ ባዶ ነበር፤ መቼ እንዳለቀ ያየ የለም። በሩ ላይ እልል ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ ትሪ የወደቀው ከትርሲት እጅ ነው። ፒዬሮ ጥቂት ይተንፍስ ያለውም ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። እኛ በሰላም ብንጠጣው መች እንታገሠው ነበር? ያ ሁሉ ክርክር ለካ ወይኑን ሲያስተነፍሰው ነው የቆየው።

ልጆቹ በጥር ተጋቡ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር።

በትንሣኤ መሪጌታ ሊጠይቁን መጡ፤ ያሬድ ከኋላቸው ጀሪካን ተሸክሟል። ጋሽ ካሳው ዶሮ ሸትቶት ቀድሞ ደርሷል። መሪጌታ ጀሪካኑን እንደ ታቦት ወንበር ላይ አስቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጠጅ ነው። ረስቼዋለሁ» አሉኝ።

ያሬድ ጓዳ ገብቶ ነገረን። ከሽምግልናው ማግስት ጀምሮ ጓዳቸው ጥግ አስቀምጠው፣ መርሳታቸውን ለማረጋገጥ በየቀኑ እየሄዱ ሲያዩት ከርመዋል።

ተቀዳ። ሁሉም እኔን ያያል፤ ዳኛዋ እኔ ነኛ። ቀመስኩ። እናንተዬ! ጉሮሮዬ እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማተረ፤ ጆሮዬ ድረስ ኮመጠጠኝ። እንዲያ ያለ ነጭ ማር እንዲህ ሲሆን ንቦቹ ቢያዩ ለቀው ይሰደዱ ነበር። ምላሴ ላይ የመጣውን ነገር እዚህ ብጽፈው ወረቀቱ ይቃጠላል። ዓይኔን ስገልጥ ትርሲት ፊት ለፊቴ ቆማለች። በዚህ ጊዜ ግን «አትናገሪ» አላለችኝም።

«እንዴት ነው፣ እመት አስካለ?» አሉ መሪጌታ።

ዋጥኩት። «መራራ ነው፣ መሪጌታ» አልኩ። «መጨረሻው ላይ ግን ማር ይላል።»

መሪጌታ ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ጢማቸው ውስጥ ፈገግታ ሲሄድ አየሁ፤ ያን እሑድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉንጫቸው ወደ ውስጥ የገባውም ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ለካ እሳቸውም ዋጥ አድርገውት ኖሯል።

«ይላል» አሉኝ በለሆሳስ። «ለልጅ ሲባል ይላል።»

የራሳቸውንም ብርሌ ሳይነኩት ወደ ጋሽ ካሳው ገፋ አደረጉት።